ስምንት ሰዓት ብላለች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዝናብ። ከሰባቱ ሽማግሌዎቼ አራቱን አጠብኩ፣ ሁለቱን አበላሁ፣ አንዷ ሰደበችኝ። የቤት ለቤት እንክብካቤ ይሉታል ሥራዬን። በፖንቱ፣ በማሻገሪያ ጀልባው፣ ወደ ሰፈራችን ኖርድ ስሻገር ጃንጥላዬን ነፋስ ገለበጠው።

እቤት ስደርስ አባዬ በር ላይ ቆመው ስልካቸውን ለጎረቤት ያሳያሉ። ሐምራዊት ናት ፎቶው ላይ፤ ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ ፀጉሯን ሸፍና፣ የጫማ ካርቶን የምታክል ሳተላይት አቅፋ። "ማይን ዶኽተር! ማይን ዶኽተር!" ይላሉ። በደች ልጄ፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

እኔስ? ሁለት ፌስታል ይዤ ደረጃው ላይ ቆሜያለሁ።

ሐምራዊት ታናሼ ናት። እናታችን ከሞተች በኋላ ከአባዬ ጋር እዚህ ስንገባ እሷ ስድስት ዓመቷ፣ እኔ አሥራ ስምንት። ፀጉሯን የሠራሁ እኔ፣ የወላጅ ስብሰባ የተቀመጥኩ እኔ። ዛሬ ዴልፍት ከተማ መሐንዲስ ናት። በወር አንዴ ትመጣለች። አባዬን አንተ ትላቸዋለች፤ እሳቸውም ይስቃሉ። እኔ እስከ ዛሬ እርስዎ እንዳልኩ።

እሑድ ሮተርዳም ከቅዳሴ በኋላ አንዷ "ትልቋስ ምን ትሠራለች?" አለቻቸው። "እሷማ እኔን ትጠብቃለች" አሉ። በቃ።

ስሜ ማናለብሽ ነው። ያለብኝን እኔ አውቃለሁ።

ኀሙስ፣ ኅዳር 11

ነገ ነው። ሮኬቱ ሠላሳ ምናምን ትንንሽ ሳተላይት ጭኖ ከአሜሪካ ይነሳል። ላይ ሲደርስ አንድ በአንድ ያራግፋቸዋል፤ የሐምራዊትም እዚያ ውስጥ ናት።

"ታዲያ ሚኒባስ ታክሲ አትዪኝም!" አሉ አባዬ። "ወራጅ አለ!"

ከሳቁ ስንት ጊዜያቸው... እኔ አስቄያቸው አውቃለሁ?

ማታ መልእክት ላከችልኝ። "ለአባ ንገሪው። ነገ ስምንት ሰዓት፣ ላይቭ!"

የእሷ ስምንት የፈረንጅ ነው፤ የጠዋት። በእኛ መቁጠር አታውቅም። አባዬ ደግሞ ሃያ ዓመት እዚህ ኖረው የእጅ ሰዓታቸው አሁንም በአገር ቤት ቁጥር ነው የሚሄደው። መሀል ላይ ያለሁት እኔ። የሐኪሙን፣ የመድኃኒት ቤቱን፣ የባቡሩን... ስድስት እየቀነስኩ የምነግራቸው እኔ።

"ስንት ሰዓት አለች?"

"ስምንት ሰዓት ብላለች።"

"ከምሳ በኋላ ነዋ! ጎሽ፣ ተላጭቼ እደርሳለሁ።"

አላረምኳቸውም። ቃሏን ነው ያደረስኩት። አንድም አልጨመርኩም።

አልቀነስኩምም።

አርብ፣ ኅዳር 12

ጠዋት አየሁት። አንዷን አሮጊት እያጠብኩ፣ ስልኬን ሳሙናው አጠገብ አቁሜ። እሳት፣ ጭስ፣ ከዚያ ነጭ ክር ሆኖ ጠፋ። እንባዬ መጣ። ከኩራት ነው? አይደለም፣ አልዋሽም... ከቅናት ነው። አሮጊቷ ምን ሆንሽ አለችኝ። ሳሙና ገባብኝ አልኳት።

ከሥራ ስመለስ አባዬ ተላጭተዋል። ሙሉ ልብስ፣ ክራቫት። "ዛሬ ሚካኤል ነው፣ እሱ ያግዛታል" አሉ። ልክ በእሳቸው ስምንት ሰዓት ወንበራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጉ።

"አልፏል አባዬ። ጠዋት ነበር መሰለኝ።"

መሰለኝ!

ሰዓታቸውን አዩ። እኔን አዩ።

ወዲያው ሐምራዊት ደወለች። "አባ! አየህ?"

"እንቅልፍ ጣለኝ የኔ ልጅ። አረጀሁ መሰለኝ።"

ክራቫታቸውን ለመፍታት ብዙ ታገሉ። ላግዛቸው አልደፈርኩም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ሳተላይቷ ዝም ብላለች። ከሮኬቱ በሰላም ወርዳለች፣ ግን ምልክት አትልክም። የሌሎቹ ይሰማል፤ የእሷ የለም። ሐምራዊት ስልክ ላይ አለቀሰች። ሦስት ዓመት የለፋችበት።

ደስ አለኝ።

ጻፍኩት እንግዲህ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ጾም ገባ። ሳተላይቷም እንደጾመች ናት።

ዓይኔ ይሆን እንዴ? የሰው ዓይን ሕፃን ያሳምማል ሲባል ሰምቻለሁ። አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ግን ይደርሳል?

አባዬ ስለ ሐምራዊት ማውራት ትተዋል። ይሄን አልነበር የምፈልገው? ታዲያ ቤቱ ለምን ጨነቀኝ...

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ሳተላይቷ ተናገረች! ሐምራዊት እየጮኸች ደወለች፤ ግማሹን በደች፣ ግማሹን በአማርኛ። ቅዳሜ ቤተሰብ መጥቶ ይስማ ተብሏል።

እፎይ አልኩ። እውነት እፎይ አልኩ። ስልኩ ሳይዘጋ ደግሞ ቅናቱ መጣ። ምን ዓይነት ፍጥረት ነኝ?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ዴንሃግን አልፈን ራይስዋይክ ላይ ባቡሩ ቆመ። ከዚህ በኋላ ዴልፍት ነው፤ አሁን ካልተናገርኩ አልናገርም አልኩ።

"አባዬ፣ ያን ቀን ስምንት ሰዓት ያልኩዎት... አውቄ ነው።"

በመስኮት እያዩ "አውቃለሁ" አሉ።

"እንዴት አወቁ?"

"ሃያ ዓመት ስትቀይሪልኝ አንድ ቀን ተሳስተሻል? ያን ቀን ብቻ እንዴት ትሳሳቻለሽ?"

"ታዲያ ለምን አረጀሁ አሏት?"

"እህትሽ ናት ያስቀረችኝ ልበላት? ምን አጎደልኩብሽ እያልኩ ነው የሰነበትኩት።"

መልስ ነበረኝ። የሃያ ዓመት መልስ።

"ስልክዎ ላይ የኔ ፎቶ የለም" አልኩ። የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት! መሬት ብትውጠኝ።

አልሳቁም። "አንቺማ አጠገቤ ነሽ፣ ፎቶ ምን ያደርግልኛል ብዬ..." ባቡሩ ተነሳ። "ለካ ይፈለጋል" አሉ።

ዴልፍት። ጠባብ ክፍል፣ ኮምፒውተር፣ ቡና የያዙ ወጣቶች። ሳተላይቷ በላያችን ስታልፍ ድምጿ መጣ፤ ሽንኩርት የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ እንደሚለው። አባዬ ኮፍያቸውን አወለቁ። ሐምራዊት አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ቀናሁ። አዎ፣ እዚያም።

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የሳተላይቷ ድምፅ ጠፋ።

"አባ፣ ተመልሳ የምታልፈው አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ትጠብቃለህ?"

አባዬ ወደ እኔ ዞሩ።

"በእኛ ስንት ሰዓት ነው?"

"ሰባት ከሩብ፣ አባዬ።"

ሰዓታቸውን አዩና አጠገባቸው ያለውን ወንበር ሳቡልኝ።