«ተነስ» ተቀመጠ

ጥቅምት 4
ከሰዓት ጨዋታ ዳኘሁ። ዘጠኝ ቁጥሩ ወድቆ ተንከባለለ፣ «እግሬን!» እያለ። «ተነስ! አታስመስል!» አልኩት። ተነሳ። ሁሌም ይነሳሉ። ስሜን ትተው «ተነስ» ነው የሚሉኝ።

ጠዋት ግን እኔው ከአልጋ ስነሳ ከቀኝ ተረከዜ በላይ ያለው ጅማት ገትሮ ያዘኝ። ግድግዳ ይዤ ሽንት ቤት ደረስኩ። ባለቤቴ፦ «ሽማግሌው፣ ከዘራ ልግዛልህ?» ሳቅን። ወር መጨረሻ ላይ የዳኞች የሩጫ ፈተና አለ። ካላለፍኩ ፊሽካዬን አስረክባለሁ። ምን ያስቃል?

ጥቅምት 9
የእህቴ ጓደኛ፣ ፊዚዮቴራፒስቷ፣ ጅማቱን በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ ስታደርገው ጣራ ልነካ ነበር።

«መርፌ ውጊኝና ልሂድ።»

«ሕመሙን ያስታግስልሃል፤ ጅማቱን ግን ያሳሳዋል። ስትሮጥ ቢበጠስስ?»

«እሺ፣ ተኝቼ ልረፍ?»

«እሱም አይሆንም። ሥራ የፈታ ጅማት ይልፈሰፈሳል። ደረጃ ጫፍ ላይ በእግር ጣቶችህ ቁም፣ ተረከዝህን ቀስ… ቀስ አድርገህ አውርድ። በየቀኑ። ወራት ይፈጃል።»

ወራት! ፈተናው እኮ ደርሷል አልኳት። «ጅማት ፊሽካ አይሰማም» አለች። ስወጣ ደግሞ፦ «ሲበጠስ ሰው ከኋላ የመታህ ይመስልሃል። ዞር ስትል ማንም የለም።» አሁን ይሄን ምን አስነገራት?

ጥቅምት 17
ደረጃ ላይ ከፍ ዝቅ። ከላይ ፎቅ ያሉት እማማ ዘምቢላቸውን ይዘው ቆመው አዩኝ። «ልጄ፣ ትወጣለህ ወይስ ትወርዳለህ?» እኔስ መች አወቅኩ…

ትንሽ ቀለል ሲለኝ እጥፍ አድርጌ ሠራሁ። ዛሬ አብጧል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ፈራሁ።

ጥቅምት 28
የመስመር ዳኛው ጓደኛዬ፦ «መርፌ የሚወጋ ሰው አውቃለሁ። ከፈተናው በፊት አንዴ ጠቅ፣ አለቀ። ማን ያያል?»

«እሺ» አልኩት። አፌን ምን ነካው? ለባለቤቴ አልነገርኳትም።

ጥቅምት 30
መርፌው ጋ አልሄድኩም። ጀግንነት እንዳይመስል፣ ፍርሃት ነው። ሮጥኩ። መጀመሪያ ደህና… ከዚያ ይጠዘጥዘኝ ጀመር፣ ከዚያ እንደ ቢላ። እነ ጓደኛዬ ከዳር «ተነስ! ተነስ! በርታ!» ይላሉ። ሳላስበው ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። ገና ነው፣ አልተበጠሰም…

ሳሩ ላይ ተቀመጥኩ። ፈታኙ መጥቶ «ምነው?» አለኝ። «አሞኛል።» ስንቱን «አታስመስል» ያልኩ ሰውዬ! ሰው ፊት አለቀስኩ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ «ተነስ ተቀመጠ በለኛ!» ብላ እግሬን ጭኗ ላይ አደረገችው።

የካቲት 12
አሁንም ደረጃው ላይ ነኝ። ጠዋት ግድግዳ መያዝ ቀርቷል። ቦታዬን ለሌላ ዳኛ ሰጥተውታል፤ ሳየው ያንገበግበኛል።

ዛሬ ከዳር ሆኜ ሳይ አንድ ተከላካይ ብቻውን ሲሮጥ ወደቀ። ወደ ኋላ ዞሮ «ማነው የመታኝ?» ይላል። አጠገቡ ሰው የለም። አዲሱ ዳኛ ሊያስነሳው ሮጠ። ቀድሜው ጮህኩ፦

«አትነሳ!»

ሜዳው ሁሉ ዞሮ አየኝ።