መዳፌ ላይ የመታ ልብ

ውድ አዋላጄ፣

ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ተዛወረች ሲሉኝ ሳልሰናበትሽ መቅረቴ እንዴት እንደቆጨኝ! አራስ ነኝና ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ።

በአርባ አራት ዓመቴ፣ የመጀመሪያ ልጄን ልወልድ፣ ሆዴን የሸፈነ ካፖርት ደርቤ ከእህቴ ልጅ ጋር ስገባ በሩ ላይ የቆመችው ነርስ የልጅቷን ክንድ ይዛ «አንቺ ግቢ፣ እናትሽ ውጭ ይጠብቁ» አላለችም? ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። እኔ ወገቤን ይዤ «ኧረ ምጡስ የኔ ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

አንቺን ሳይሽ ደግሞ ባሰብኝ። የእህቴን ልጅ እኮ ነው የምታክዪው! ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች የሚሉት ተረት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ በቁሜ ሊደርስብኝ ኖሯል። ዕድሜዬን ስነግርሽ ግን ፊትሽ አልተለወጠም። ዶክተሩ ለክትትል ስመጣ «በዚህ ዕድሜ እንግዲህ...» ብሎ ሁልጊዜ ሳይጨርስ ይተወዋል። አንቺ ጨረስሽው፦ «የደም ግፊትዎን ቶሎ ቶሎ እለካለሁ፣ የልጁን ልብ አዳምጣለሁ፣ የሚያሰጋ ነገር ካየሁ ዶክተሩን እጠራለሁ። የምደብቅዎት ነገር የለም፣ እትዬ።»

ሁለቴ ጨንግፎብኛል። ሁለቴም የሐኪሙ ፊት ነው ቀድሞ የነገረኝ። ስለዚህ ያቺን የእንጨት መስሚያ ሆዴ ላይ ደፍተሽ ጆሮሽን ስትለጥፊ እኔ ዓይን ዓይንሽን አየሁ። ገባሽ። መዳፌን ዘረጋሽና የምትሰሚውን በጣትሽ መታሽልኝ። ጠቅ ጠቅ ጠቅ ጠቅ። እንዴት ይፈጥናል በፈጠረሽ! የሰው ልብ፣ ከኔው ሆድ፣ በእጄ ያዝኩት። ምጡንም ረሳሁት ብልሽ ታምኚኛለሽ?

ማምሻው ላይ ጣትሽ ዘገየ። አንቺ እጅሽን አልሰበሰብሽም፤ ያንኑ የዘገየውን እየመታሽልኝ ዶክተሩን አስጠራሽ፣ በግራ ጎኔ አስተኛሽኝ። «ይተንፍሱ... እየተመለሰ ነው... ይኸው!» ጣትሽ ፈጠነ። ከዚያማ አንቱታውም ቀረ፤ «ግፊ! በርቺ የኔ እናት፣ ግፊ!» ገፋሁ። ዶክተሩ ደርሶ ቆመ እንጂ እጁን አላስገባም።

ወጣች፤ ድምፅ የለም። ደረቴ ላይ አስተኝተሽ ጀርባዋን በፎጣ አሸሽው፣ አሸሽው። ከዚያ ጮኸች! ወይ ጩኸት! ከዚያች ጭብጥ ከምታህል ደረት!

«እናቴ፣ መጣሽልኝ?» ስላት ዝም አለችና ዓይኗን ገለጠች። አየችኝ። ሰው እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። እኔ ጊዜዬ አለፈ እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን በላሁ፤ እሷ እንደሆነ ከኔ በፊት እናት አይታ አታውቅ፣ ዘገየሽ የምትልበት ምን አላት?

በይ ነቃች፣ እየጠራችኝ ነው። እኔን!

እናቷ