በእጄ የቀረው የፓምፑ ሽቦ

ኩርቲስ፣

የነዳጅ ፓምፑን ሽቦ ሳህንህ ላይ ትቼልሃለሁ። በሁለት ጣቴ ሳብ ባደርገው ተበጥሶ እጄ ላይ ቀረ።

ስንቴ ልንገርህ? አውሮፕላን ላይ የሽቦ ጫፍ በቀለጠ ሊድ አይበየድም፤ በፒንሳ ተጨምቆ ነው የሚያዘው! ሊድ የጠጣ ሽቦ ይደርቃል፤ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ቀጭ ይላል። ሬዲዮ የምትጠግን መሰለህ እንዴ?

ይባስ ብለህ ክዳኑን ገጥመህ፣ መዝገቡ ላይ "ተፈትሿል" ብለህ ፈርመሃል። አራት ዓመት በገዛ እጃችን በሠራነው አውሮፕላን!

"የቅዳሜው በረራ ደረሰ፣ ምን ያንቀረፍፍሃል?" እያልኩ የጮህኩብህ እኔ ነኝ። እሱን አልክድም።
ግን "አልቻልኩበትም" ማለት ነውር ነው?

እህቴ ዘንድ ኦሽኮሽ ከተማ ሄጃለሁ። መበየጃውን ይዤዋለሁ፣ አትፈልገው። ፒንሳው ላይኛው መሳቢያ ውስጥ ነው። ቋሊማው ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ፤ ሳትበላ እንዳትጀምር፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል።

በመጀመሪያው በረራ የሚቀመጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። ማን እንደሆነ ታውቃለህ።

አዲሱን ሽቦ ስትጨርስ ባለ በሌለ ኃይልህ ራስህ ሳበው። ከዚያ ደውልና በገዛ አፍህ "ላይል፣ ና ብረር" በለኝ።

ላይል