ከጎናቸው ያለው ባዶ ቤት

ሰኞ

ፍራሹን ሦስተኛ ፎቅ ካደረስኩ በኋላ ወገቤ አልቀና አለ። ቢሆንም ደስ ብሎኛል፤ እትዬ አስቴር ኮንዶሚኒየም ገቡ! የሟቹ አጎቴ ሚስት ናቸው። ከገሱባ ለትምህርት ስመጣ ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው። መሐል ሶዶ ያለው የጭቃ ቤታቸው ለመልሶ ማልማት ሊፈርስ ነው። ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ሕዝቡ ቤቱን እንዲለቅ መቀስቀስ የኔ ሥራ ስለሆነ ከዘመድ ጀመርኩ። «ፎቅ ላይ ብቻዬን?» ብለው ሲያስቸግሩኝ «እኔም ቤቴን ለቅቄ ከጎንዎ እገባለሁ» አልኳቸው። እሺ ያሉት ለዚህ ነው። የጎናቸው ቤት ባዶ ነው። እኔ ግን አልተመዘገብኩም። እስካሁን።

ማክሰኞ

ግምገማ ላይ ኃላፊዬ በምሳሌነት አነሳኝ። ተጨበጨበልኝ። ራሴን ጥብስ ጋበዝኩ።

ሐሙስ

የእትዬ አስቴር ወንድም ኦቶና ሆስፒታል ተኝተው ነበር፤ ትናንት አረፉ። ዛሬ ገሱባ ቀበርናቸው። ነገ ለቅሶ ደራሹ ሶዶ ይመጣል። ስንመለስ መኪና ውስጥ «ሰዉ የት ይቀመጣል?» አሉኝ።  ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ «ግቢ ውስጥ ድንኳን መትከል ክልክል ነው» የሚለውን ያስለጠፍኩት እኔ ነኝ። ለከተማው ገጽታ ብዬ! ለዛሬ ብቻ እንዲፈቅድልን ኃላፊዬን ለምኜ ነበር። «ራስህ አስከልክለህ?» ብሎ ሳቀብኝ።

የኔ ግቢ ሰፊ ነው። ግን አላነሳሁትም። ጓሮዬን እንዳያዩ ፈራሁ።

ዓርብ

ምን ዓይነት ቀን ነው! በእኛ አገር ለቅሶ ደራሽ እያለቀሰ ሲመጣ ሐዘንተኛው ደጅ ወጥቶ ይቀበለዋል፤ ቆመው አብረው ያለቅሳሉ። እትዬ አስቴር ለመጣ ሰው ሁሉ ከሦስተኛ ፎቅ ወረዱ፣ ወጡ። ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው አውቃለሁ። ከቤሌ የመጡ ሽማግሌዎች ደረጃው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ የንፍሮው ሳህን በራሳቸው ላይ ያልፋል። ዘበኛው «ደረጃ አትዝጉ፣ ታዝዘን ነው» ይላል። ያዘዝኩት እኔ ነኝ።

እኔስ የት ነበርኩ? ውሃ ማጠራቀሚያው ጀርባ ተደብቄ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ቅዳሜ

ጠዋት ድንኳኑን ከዕድሩ ወስጄ ግቢዬ ውስጥ አስተከልኩ። ሰዉ ሰፋ ብሎ ተቀመጠ፤ ተጸለየ፣ ተዘመረ። ሽማግሌዎቹ መረቁኝ። ምርቃቱ ራሱ አሳፈረኝ፤ ግን ትንሽ ቀለለኝ።

ከሰዓት እትዬ አስቴር እግራቸውን ሊያፍታቱ ወደ ጓሮ ዞሩ። ተከተልኳቸው። እንሰቱ ፊት ቆሙ፤ ገና ጉልበት የማይደርስ ችግኝ ነው። «ይሄን ኡታ መቼ ተከልክ?» አሉኝ፣ እንሰቱን በቋንቋችን ጠርተው። ዘንድሮ አልኳቸው። እንሰት ተፍቆ ቆጮ እስኪሆን ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ከኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። ቤቱን ሊለቅ ያሰበ ሰው ምን ሊያደርግለት ይተክላል?

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። አንዱን ቅጠል ቀና አደረጉና «በደንብ ይዟል» አሉ። ቀጥለው «ከጎኔ ያለውን ቤት ለሌላ ሰው ስጡ፣ ልጄ። ከባዶ ቤት ጎን ማደር ይከብዳል።»

እሺ አልኩ። ቀና ብዬ ግን ላያቸው አልቻልኩም።