መዳመጫ የሌለው ጣሪያ

ሻን ወረዳ፣ 2003 እ.ኤ.አ.፣ የመኸሩ ዝናብ ባባራ ማግስት

ይድረስ ለልጄ ለዩንሸን፣

በመላው ቻይና እንደኔ የሚጽፍ ሰው የለም። እሺ፣ በማታ ትምህርት ክፍላችን የለም። እሺ፣ ስልሳ ካለፍነው መካከል የለም፤ ሌላኛው ሽማግሌው ፋን ነው፣ እሱ ደግሞ እርሳሱን ያኝካል። ብቻ ከእንግዲህ ደብዳቤ ለማጻፍ የሰው ደጅ አልጠናም፤ ቃሌንም ማንም አያለሳልስልህም።

ለመሆኑ ደህና ነህ? እኛ እንደምታውቀው ያው ጉድጓድ ቤታችን፣ መሬት ውስጥ ነን፤ ያውም ሳንሞት።

በቀደም አንድ የወረዳ ሰው ብስክሌቱን አቁሞ ከላይ ጮኸ።

«አባት! ቤታችሁ የት ነው?»

«ረግጠኸዋል!» አልኩት ከታች ከግቢው።

«እኔ የሚታየኝ የዛፍ ጫፍ ብቻ ነው!»

«እንግዲያው ወደፊት እንዳትራመድ፤ ሾርባችን ውስጥ ትገባለህ።»

አልሳቀም። ጣሪያው የተደረመሰበት ሁሉ ወደ ጡብ ቤት ይዛወራል፣ ጉድጓዱም በአፈር ይደፈናል ብሎኝ ሄደ።

ዘንድሮ ዝናቡ በዛ። የኛ የአፈር ጣሪያ ዝናብ ሲጠጣ፣ ሳይደርቅ ክቡ መዳመጫ ድንጋይ ተንከባሎ ካልጠቀጠቀው ይሰነጠቃል፤ አንተም ገመዱን እየጎተትክ ነው ያደግኸው። አያትህ የጠረበው መዳመጫ ግን ዛሬ በአለቃህ ሆቴል በር ላይ አበባ ተደርድሮበት ተኝቷል። ለአዲስ ዓመት መጥተህ፣ እኛ ዘመድ ጥየቃ በወጣንበት በመኪና ጫንከው። «ያረጀ ድንጋይ እኮ ነው አባዬ፤ አለቃዬ እንዲህ ያለ ነገር ይወዳል» አልከኝ በስልክ። እንዳልዋስ ጎረቤት የለም፤ ሁሉም ወደ ጡብ ቤት ገብተዋል፣ የነሱ መዳመጫ ከነጉድጓዳቸው ተቀብሯል።

ስለዚህ እኔና እናትህ ጣሪያውን በእግራችን ረገጥነው። አሮጊትና ሽማግሌ ጭቃ ላይ ሲዘሉ ያየ መንገደኛ፣ «ሠርግ አለ እንዴ?» አለን።

«አለ፤ ሙሽራው ቀርቶብን ነው» አልኩት።

እግር ድንጋይ አይሆንም። ለሠርግህ የቆፈርኩልህ ክፍል ትናንት ተደረመሰ፤ እናትህ የሰፋችልህ ብርድ ልብስም ውስጡ ነበር። ስንጥቁ ወደ እኛ ክፍል እየመጣ ነው። እናትህ «ድንጋይ ነው፣ ይቅር፤ ልጄ ብቻ ጤና ይሁን» ብላሃለች። እኔ ግን ሌላ ዝናብ ሳይመጣ መዳመጫውን ጭነህ አምጣ እላለሁ። አበባውን ለአለቃህ ተውለት።

መንገድህ ይቅና፤ ከራስህ በላይ ያለው ሁሉ ይጽናልህ።

አባትህ ሜንግ ዴሁአ

የእናትህን ቃል ከራሴ ነው የጨመርኩት። ለዩንሸን ልጽፍ ነው ስላት ወደ ላይ ወጣች። ግቢው ውስጥ ተቀምጬ ይህን ስጽፍ አናቷ ከጣሪያው ዳር ብቅ ጥልቅ ይላል። እየረገጠች ነው።