በኋለኛው በር ላይ ስለቆመው ሦስተኛ ሳጥን

ለክቡር የአዳራሻችን ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ሰላምታዬ ካሉበት ቢሮ ድረስ ይድረስልኝ እያልኩ፣ ጤናዎ ከአምፕሊፋየራችን ጤና እጅግ የተሻለ እንዲሆን፣ የእርሱም ትኩሳት ወደ እርስዎ እንዳይጋባ ከልቤ እመኛለሁ።

እኔ መጋረጃ ሳቢዎ፣ የታመመ ስፒከር ሲያቃስት ሦስት ሰፈር ተሻግሬ የምሰማ ሰው ነኝ። ሦስት ካልን በዛ መሰለኝ፤ አንድ ይሁን። እሱም ነፋሱ ወደ እኔ ከነፈሰ ነው፤ ካልነፈሰ ደግሞ መጋረጃው ጀርባ፣ ከሳጥኑ አጠገብ ቆሜ ጥርት አድርጌ እሰማለሁ። ለዛሬው ጉዳይ ይኸው ይበቃል።

ይህን ደብዳቤ በመግቢያው በር ላይ የለጠፍኩት ለመዳፈር አይደለም። ቢሮዎ መጥቼ አፌን በከፈትኩ ቁጥር፣ ፊደል እንደማልለይ እያወቁ፣ «በጽሑፍ አቅርብ» እያሉ ይሸኙኝ ስለነበር ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ያ መልስዎ ባይሆን የማታ ትምህርት ቤቱን ደጃፍ ባልረገጥኩም ነበር። ዛሬ የሚያመልጠኝ ፊደል የለም፤ አስተማሪዬም የክፍሉ ጌጥ ብለውኛል። የግዕዝ ቁጥርም ጀምረናል፤ የደረስነው ግን አራት ላይ ስለሆነ ቅሬታዬም አራት ላይ ይቆማል። እድለኛ ነዎት።

፩. በአምፕሊፋየሩ ጀርባ አንድ ቁጥርና አንድ ምልክት አለ። ቁጥሩ 8 ነው፤ ምልክቱ የፈረስ ኮቴ ይመስላል፣ ኦም ይሉታል፤ የኤሌክትሪኩ መውጫ ምን ያህል እንደጠበበ ይናገራል። ከዚህ በታች አታውርዱኝ ማለቱ ነው። በአሮጌው ሳጥን ጀርባም ያው 8 ከነኮቴው ስላለ፣ ሁለቱ የአቻ ጋብቻ ተጋብተው ስንት ዘመን ሳይጣሉ ኖረዋል። ክቡርነትዎ ግን ድምፁ ይጉላ ብለው ሌላ ባለ 8 ሳጥን አስመጡና በዚያው አምፕሊፋየር ላይ ጎን ለጎን አስቀጠሉት፤ ስምንትና ስምንት አሥራ ስድስት ነው፣ ከስምንት በላይ ከሆነ ምን ችግር አለው አሉ። እውነቱን ለመናገር እኔም ደምሬ አሥራ ስድስት አግኝቼ አጨብጭቤያለሁ፤ መደመር የተማርኩት በዚያው ሰሞን ስለነበር እንኳን ኦም፣ አላፊ አግዳሚውንም እደምር ነበር። ጊታር የምትጫወትልን የእህቴ ልጅ ግን ሁለታችንን አየት አድርጋ፣ «አጎቴ፣ ኦም እንደ ድንች አይደመርም» አለች። አምፕሊፋየሩን የውኃ በርሜል፣ ሳጥኖቹን ደግሞ ቧንቧ አድርጋ አስረዳችን፤ ሁለተኛ ቧንቧ ሲከፈት የውኃው መውጫ ይሰፋል እንጂ አይጠብም፤ ስለዚህ ስምንትና ስምንት ጎን ለጎን ሲቀጠሉ አራት ይሆናሉ፣ በርሜሉም ከአቅሙ በላይ ይንዠቀዠቃል። እርስዎም በትዕግሥት ከሰሙ በኋላ «አንቺ ጊታርሽን ምቺ» በማለት ስላበረታቷት እናቷም እኔም እናመሰግናለን።

፪. ስፒከር የሚመርጥ ሰው የሚችለውን ዋት ይጠይቃል፣ ስፋቱን ይለካል፣ አስጩኾም ይሰማል። እርስዎ ግን ከመጋረጃዬ ጫፍ ቁራጭ ጨርቅ አስቆርጠው ገበያ ወጡ። ደግሞም ተሳካልዎት፤ የአዲሱ ሳጥን ፊትና የእኔ መጋረጃ ከአንድ ጣቃ የተቀደዱ ነው የሚመስሉት። ከዚያ ቆንጆ ጨርቅ በስተጀርባ ያሉት ስፒከሮች ግን ለሳሎን ሬዲዮ የተሠሩ ናቸው። አምፕሊፋየሩ መቶ ዋት ሲልክባቸው ድምፅ የሚያወጣው ወረቀታቸው እንደ ብርድ በሽተኛ ይንዘፈዘፋል፤ የግመል ጭነት ፍየል ላይ ጭነው ፍየሏ ለምን ትጮኻለች ማለት አይቻልም። እኔ እዚያ ጀርባ ቆሜ ጩኸቷን ስሰማ ልቤ አብራት ትርገበገባለች።

፫. ወፍራሙ የስፒከር ሽቦ ጠፋ ተብሎ ሳጥኖቹ የተያያዙት በቀጭኑ የጊታር ገመድ ነው። መሰኪያው ስለገባ ሁሉም ልክ መስሎ ታየ። ባለፈው ልምምድ ላይ ገመዱ ከእግሬ ሥር ነበርና ሞቅ ሲለኝ መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ለመጋረጃ ሳቢ ታስቦ የተገዛ ማሞቂያ መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ቀና ስል አምፕሊፋየሩ ከጀርባው ጭስ ይተፋል፤ የእህቴ ልጅ ከፊቱ ቆማ ዓይኗን ጨፍና ትጫወታለች። ያኔ እኔ እንደ አንበሳ ዘልዬ፣ ጭሱን በደረቴ ሰንጥቄ ሶኬቱን ነቀልኩት። አዳራሹም ዳነ።

እርስዎ አምፕሊፋየሩ በማራገቢያ ከቀዘቀዘ በኋላ መጥተው በአባትነት ዓይን አዩትና፣ ብቻውን እየለፋ ደክሞታል፣ ረዳት ይጨመርለት አሉ። ሦስተኛውም ሳጥን መጣ፤ እርሱም ባለ 8 ነው፣ ጨርቁም ያው ነው። በክቡርነትዎ ድምር ሃያ አራት ደርሰናል፤ በበርሜሉ ድምር ግን ከሦስት በታች ወርደናል። ለደከመች በቅሎ ሦስተኛ ተሳፋሪ እንደ ረዳት መስጠትዎ ነው፤ ርኅራኄዎን በቅሎዋ ብትኖር ትመሰክርልዎ ነበር።

፬. ሦስተኛው ሳጥን መድረኩ ላይ ቦታ ስላጣ ከኋላ በሩ ላይ ተገትሯል። ከመድረክ በስተኋላ ያለው በር ደግሞ እርሱ ብቻ ነው፤ ሌላው በር ከሕዝቡ ወንበሮች ማዶ ነው። ሳጥኑን ለብቻዬ ልገፋው ሞክሬ ነበር፤ እኔ ጎበዙ፣ እኔ በሬ የምጥለው፣ ጣት ታህል አላንቀሳቀስኩትም። ቅዳሜ አዳራሹ ይሞላል። የእህቴ ልጅ ከአምፕሊፋየሩ ፊት ትቆማለች፤ እናቷ ከፊተኛው ረድፍ ትቀመጣለች፤ እኔ ገመዴን ይዤ በጨርቅና በእሳት መካከል እቆማለሁ። መጋረጃው የሚነድ ጨርቅ መሆኑን ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል፤ ቁራጩ አሁንም ኪስዎ ውስጥ ካለ ክብሪት ጭረው ይሞክሩት።

ክቡር ሆይ፣ ከዚያ ልምምድ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሚስቴ ውኃ ስታፈላ እንፋሎቱን አይቼ ከወንበሬ እነሳለሁ። ልጅቷን ቅሪ ብዬ ለምኛት ነበር፤ «አጎቴ፣ እኔ ብቀር ሌላ ሰው ይቆምበታል እኮ» አለችኝ።

ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የምለምንዎ ቀላል ነው። ሁለቱ ቆንጆ ሳጥኖች ወደ ቢሮዎ ይግቡና ለዓይን ይሁኑ። አሮጌው ሳጥን ብቻውን፣ በወፍራም ሽቦ፣ ከአሮጌ ትዳሩ ጋር ይቀጠል፤ ድምፁ ትንሽ ቢያንስ ሕዝቡ ወሬውን ቀንሶ ያዳምጣል። የኋላ በሩም ይከፈት። ይህ ካልሆነ መጋረጃው ቅዳሜ አይከፈትም። ገመዱ በእኔ እጅ ነው፤ እጁም አይለቅም። ከሥራ ካባረሩኝም ስንብቱን በጽሑፍ ያድርጉልኝ፤ አሁን አነባለሁ።

የክቡርነትዎን ቀለም መራጭነት ሳደንቅ የምኖር፣ ለድምርዎ ያጨበጨብኩ፣ ለጭስዎ ያሳልኩ፣ ከፍርሃቴ በስተቀር ሁሉንም በትሕትና የማቀርብልዎ፣

መጋረጃ ሳቢዎ

የተረሳ ነገር፦ ከላይ ከጻፍኩት ሁሉ አንዲት ነገር ብቻ ፈጠራ ናት። ሶኬቱን የነቀልኩት እኔ አይደለሁም፤ የእህቴ ልጅ ናት። ዓይኗን ገልጣ ጭሱን ስታይ ጊታሯን አስቀምጣ፣ በእጇ ዳብሳ፣ ብቻዋን ነቀለችው። እኔ ያን ጊዜ እግሬ አውጪኝ ብዬ የኋላ በሩ ላይ ነበርኩ፤ ፈሪ ለእናቱ ነው። በሩ ሁለት ሰው ጎን ለጎን እንደማያሳልፍ ያወቅኩትም ያኔ ነው፤ ከአንድ ክቡር ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ቆመን ነበርና። ጭሱ ፊቱን ሸፍኖብኝ ነበር፤ በኋላ ግን ከኮቱ ኪስ ወድቆ መሬት ላይ ያገኘሁት ቁራጭ ጨርቅ ከመጋረጃዬ ጋር ልክ ነው። ቅዳሜ ያ ሰው በየት በኩል ሊወጣ እንዳሰበ በጽሑፍ ቢያሳውቁኝ፣ ልጅቷን ይዤ ከኋላው እሰለፋለሁ።