ድልድዩ ላይ የሚያበቃው ፈቃዴ

ለክቡር አቶ ራንዳል ኪምብሮ
የሃርግሮቭ ካውንቲ ዋና ዐቃቤ ሕግ

ጉዳዩ፦ ስለሰጡኝ የሕግ ትምህርት ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና የመሥሪያ ቤትዎን ባልደረቦች ጤንነት በትሕትና እጠይቃለሁ። ባለፈው ወር በፍርድ ቤቱ ኮሪደር በአጠገቤ ሲያልፉ ፊትዎ ፈክቶ ስላየሁት፣ ሰባት ወር ሙሉ እኔን በመክሰስ መድከምዎ ሰውነትዎን እንዳልጎዳው ተረድቼ እፎይ ብያለሁ። ሎርና ዊትከም እባላለሁ። ግዛቶቻችንን ከሚለየው ወንዝ ማዶ በኮልተር ፌሪ የምኖር የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ስሆን፣ ሃያ ስድስት ዓመት በየቤቱ እየዞርኩ አረጋውያንን የማስታምም ነርስ ነኝ። በእርስዎ መዝገብ የምታወቀው «መሣሪያ ሰውራ የተገኘች ተከሳሽ» ተብዬ ስለሆነ፣ በስሜ ባያስታውሱኝ ቅር አይለኝም።

ክሴን ባነሡበት ዕለት ለጋዜጠኞች፣ «ወደ እኛ ግዛት የሚመጣ ሰው ሕጋችንን የማወቅ ኃላፊነት አለበት፤ ወይዘሮዋም ከዚህ እንደተማሩ ተስፋ አደርጋለሁ» ብለዋል። ተስፋዎ ከንቱ እንዳልቀረ ለማሳየት የተማርኩትን እንደሚከተለው በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

1. ሕጉን ስለመጠየቅ።

ሽጉጥ መያዝ የጀመርኩት አምሮኝ አልነበረም። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ሰው ቦርሳዬ ውስጥ ለሱሰኞች የሚሸጥ የህመም ማስታገሻ ያለ መስሎት ከታማሚዬ ደጅ ጀምሮ በመኪና ተከተለኝ፤ ሰው በሌለበት የእርሻ መንገድ ላይም ገፍቶ ከቦይ ከተተኝ። ከዚያ በኋላ ኮርስ ወሰድኩ፣ አሻራ ሰጠሁ፣ ከአካባቢያችን የፖሊስ ሹም፣ ከሸሪፉ፣ ሽጉጥ ሰውሮ የመያዝ ፈቃድ አገኘሁ። ፈቃዱ በብዙ ግዛቶች ይሠራል፤ በሁሉም እንደማይሠራ ግን አውቅ ነበር። ስለዚህ እህቴ አይሪን በእናንተ በኩል የምታከብረው አርባኛ የጋብቻ በዓል ሲቃረብ፣ እንደ አስተዋይ ሰው ወደ ቢሮዎ ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው ልጅ በጣም ጨዋ ነበረች።

«እናቴ፣ እሱ ድረ ገጻችን ላይ አለልዎት» አለችኝ።

ድረ ገጹን ከፈትኩ። «ከሌላ ግዛት ስለተሰጡ ፈቃዶች ለመረዳት ወደ ቢሮው ይደውሉ» ይላል። ደወልኩ። ያችው ልጅ አነሣች።

«የኔ ልጅ፣ ድረ ገጹ እኮ ወደ አንቺ ነው የመለሰኝ» አልኳት።

«እንደዛ ነው የሚለው? እንግዲህ የራስዎ ግዛት ፈቃድ ካለዎት ችግር ያለ አይመስለኝም።»

አመስግኜ ዘጋሁ። «አይመስለኝም» የሚለው ቃል በሕግ መጽሐፍዎ ውስጥ የትኛውም አንቀጽ ላይ እንደሌለ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

2. እውነት ስለመናገር።

በመስከረም አንድ ቅዳሜ፣ ቀትር ላይ፣ ባለ ሦስት ደርብ የካሮት ኬክ የኋላ ወንበር ላይ በቀበቶ አስሬ ድልድዩን ተሻገርኩ። ሩቅ ሳልሄድ ትሬቨር ሎውሪ የሚባል ወጣት ፖሊስ የቀኝ ፍሬቻዬ አይበራም ብሎ አስቆመኝ። ኮርሱን የሰጠን ጡረተኛ ፖሊስ፣ «ሲያስቆሟችሁ እጃችሁን መሪው ላይ አድርጉ፤ መጀመሪያ የምትናገሩት ስለ ሽጉጡ ይሁን» ብሎ አጥብቆ ነግሮን ነበርና እንደተባልኩት አደረግሁ።

«ልጄ፣ ከሌላው ነገር በፊት ልንገርህ። ሽጉጥ አለኝ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ፈቃዴም ይኸው።»

ፈቃዱን አገላብጦ አየው።

«እናቴ፣ ይሄ እኮ የዚያ ማዶ ነው።»

«አዎ፣ ማዶው ደግሞ ያውልህ፤ ከዚህ ይታያል።»

«መታየቱማ ይታያል። ግን እዚህ አይሠራም።»

«እንግዲያው ልዙርና ቤቴ አስቀምጬው ልምጣ?»

ልጁ አንገቱን አከከ። «ባይነግሩኝ ኖሮ ስለ አምፖሉ ተናግሬ ብቻ እሸኝዎት ነበር። አሁን ግን ሰምቻለሁ፤ ምን ላድርግ?» አለኝ።

ካቴናውን ሲያስገባልኝ «ጠበቀብዎት እንዴ?» ብሎ ጠይቆኛል። ሰው የሚሆን ልጅ ነውና በዕድገት እንዲያስቡት አደራ እላለሁ።

3. ስለ ኬኩ።

ጣቢያ ስገባ የተሞላው የንብረት መቀበያ ቅጽ «ኬክ፣ አንድ፣ ሙሉ» ይላል። በማግስቱ በዋስ ስወጣ የፈረምኩበት ቅጽ «ኬክ፣ አንድ፣ በከፊል» ይላል። ስለ ጥንቃቄ የተሞላ አመዘጋገባችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አይሪን በዓሉን ትታ ጣቢያው በር ላይ በሐር ቀሚሷ ቆማ ስትጠብቀኝ ነበር ያደረችው። ያየችኝ ጊዜ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ስትመጪ ኬክ ብቻ ያዢ አላልኩሽም?» ብላ ልትቀልድ ሞከረችና አልሆነላትም፤ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

4. ስለ አቶ ኦቲስ ፔቲግሩ።

እዚህ ቁጥር ላይ ጨዋነቴ ቢጎድል ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አቶ ኦቲስ የሰማንያ ስድስት ዓመት የስኳር ታማሚ ናቸው። ግራ እግራቸው ላይ የማይድን ቁስል ነበራቸውና በሁለት ቀን አንዴ እየሄድኩ አጥቤ ፋሻ እቀይርላቸው ነበር። እርስዎ በከባድ ወንጀል ሲከሱኝ፣ አሠሪዬ እንዲህ ያለ ክስ ያለበት ሰው ታማሚ ቤት አይገባም በሚለው ደንብ መሠረት ከሥራ አገደኝ። በምትኬ የተላከችውን ነርስ አቶ ኦቲስ ከበር መለሷት። «የኔዋ ትመጣለች» አሉ፤ ሁለተኛ ስትመጣም መለሷት። ዘመዶቻቸው ነገሩን ሲያውቁ ቁስሉ አጥንት ዘልቆ ነበር። በጥር ወር እግራቸው ከቁርጭምጭሚት በላይ ተቆረጠ።

ወደ ሥራ የተመለስኩ ዕለት መጀመሪያ የሄድኩት እሳቸው ቤት ነው። ብርድ ልብሱን ገልጬ ሳይ እንባዬ መጣ።

«አታልቅሺ፣ ልጄ፤ ድሮም የግራውን አልወደውም ነበር» አሉኝ።

ይህን ጥፋት በእርስዎ ላይ ብቻ አልጭንም። የደንቡም፣ የሽማግሌው እልህም፣ የእኔም ድርሻ አለበት። ከድርሻው የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ግን አንድ ቀን ለብቻዎ ሆነው ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

5. ስለ ቸርነትዎ።

ጥፋተኛ ከተባልኩ ሦስት ዓመት እንደምታሰር ካሳወቁኝ በኋላ፣ ጥፋቴን አምኜ ከፈረምኩ ከእስር ነፃ እንደምሆን በቸርነትዎ አቀረቡልኝ። ጠበቃዬ ወይዘሮ ካሚል ኦርዝ ወረቀቱን ፊቴ ዘርግታ፣ «ሎርና፣ ከፈረምሽ ዛሬውኑ ነገሩ ያልቃል። የነርስነት ፈቃድሽም አብሮ ያልቃል» አለችኝ። «ካልፈረምኩስ?» አልኳት። «ካልፈረምሽ አላውቅም» አለች። በሰባቱ ወር ውስጥ ስለ ሕጋችሁ የማያውቀውን አላውቅም ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት። እስክሪብቶውን አንሥቼ ነበር፤ ነርስነቴን ማጣት ስለፈራሁ መልሼ አስቀመጥኩት። ጀግንነት አልነበረም።

ከዚያ ወይዘሮ ካሚል አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ «ስትደውዪ መጀመሪያ ላይ ጥሪው ይቀዳል የሚል ድምፅ ነበር?» ነበር። ለአገልግሎት ጥራት ሲባል እንደሚቀዳ ይናገራል። ቅጂውን በፍርድ ቤት ትእዛዝ አስወጣች። ዳኛዋ «አይመስለኝም» የምትለዋን ቦታ ሁለት ጊዜ አስደግመው ሰሙ፤ እርስዎ ወረቀትዎን ሲያገላብጡ ነበር። በሦስተኛው ቀን ክሱን «ለፍትሕ ሲባል» አነሡልኝ። ፍትሕን እንዲህ በፍጥነት ስላስታወሷት አመሰግናለሁ።

እንግዲህ የተማርኩት ይህ ነው። መሣሪያ ይዞ ከግዛት ወደ ግዛት የሚሄድ ሰው የራሱ ፈቃድ ድንበሩን መሻገሩን ከጽሑፍ ሕግ ራሱ ያንብብ፤ መንገድ ላይ የሚያልፍባቸውንም ግዛቶች አይዝለል፤ የስልክ መልስ አይመን፤ በጽሑፍ ይጠይቅ። ፈቃዱ የማይሠራ ከሆነ መሣሪያውን ቤቱ ይተው። ግድ አቋርጦ የሚያልፍ ከሆነም ጥይቱን አውጥቶ፣ ቆልፎ፣ እጅ ከማይደርስበት የመኪናው ዕቃ መጫኛ ያኑረው፤ ያም ቢሆን በየት በየት እንደሚፈቀድ አስቀድሞ ያጣራ። ይህን በአንድ ገጽ ጽፌ በድልድዩ ዳር ባለው ነዳጅ ማደያ ለጥፌዋለሁ። ድረ ገጽዎ ላይ ባዶ ቦታ ካለ፣ ስሜ ሳይጠቀስ ቢያወጡት ቅር አይለኝም።

መጪው ኅዳር የእርስዎም ሥልጣን ለሕዝብ ምርጫ የሚቀርብበት ወር እንደመሆኑ፣ ረጅም ዕድሜ እንጂ ረጅም ሥልጣን ሳልመኝልዎ፣ ለክብርዎ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ እሰናበታለሁ።

ሎርና ዊትከም፣ ነርስ
ኮልተር ፌሪ

ተጨማሪ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ በእርስዎ ቢሮ የሚሠራ አንድ ዐቃቤ ሕግ ቤቴ ደወለልኝ። ከአማቱ ጋር አራት ግዛት አቋርጦ ለአደን ሊሄድ ነው፤ የአማቱን ሽጉጥ ነገር ማንን እንደሚጠይቅ ግራ ገብቶት ነው። ዐሥራ አምስት ደቂቃ ያህል አስረዳሁት፤ በወረቀት ጻፈው። ሲጨርስ ለእርስዎ እንዳልነግርበት ለመነኝ። ስሙን አልጠቀስኩም፤ ቃሌን ጠብቄያለሁ።